ነጭ ግድግዳና ፈዛዛ እንጨት፦ ለባሕር ዳሮቹ አናጢና ቀለም ቀቢ ምስጋና

የስካንዲኔቪያ (የሰሜን አውሮፓ) ቤት ፎቶ በስልኩ ይዞ አናጢ ዘንድ የሚሄድ ሰው በዝቷል። ነጭ ግድግዳ፣ ፈዛዛ እንጨት፣ ብዙም ዕቃ ያልተሸከመ ክፍል፣ ወንበር ላይ ጣል የተደረገ የበግ ቆዳ። ፎቶውን አይቶ «ይሄማ ቀላል ነው» የሚል ባለሙያ ሞልቷል፤ ከስድስት ወር በኋላ ግን ግድግዳው ይላጣል፣ ጠረጴዛው ይሰነጠቃል፣ ነጩ ቢጫ ይሆናል። ባሕር ዳር ውስጥ ሥራውን ከነምክንያቱ የሚያውቁ ሁለት ሰዎች አሉ፤ ጋሼ አናጢ ናቸው፣ አብሯቸው የሚሠራው ወጣት ቀለም ቀቢ ነው። ሳሎን፣ መኝታ ቤትና የምግብ ክፍል ሠርተው አስረክበውናል። እጃቸውን ቁርጥማት አይንካው! «ጎበዝ ናቸው» ብሎ ማለፍ ለአንባቢ ስለማይጠቅም ምን እንዴት እንደሠሩ ዘርዘር አድርገን እንጽፈዋለን።

ከቀለሙ እንጀምር። የሰሜን አውሮፓ ቤት ነጭ የሆነው ብርሃን ስለሚያንሰው ነው። ስቶክሆልም በታኅሣሥ የቀኑ ርዝመት ስድስት ሰዓት ያህል ብቻ ነው፤ በመስኮት የገባችውን ብርሃን ግድግዳው መልሶ እንዲያሰራጫት ነጭ ይቀባል። ባሕር ዳር ላይ ችግሩ ተቃራኒ ነው፦ ብርሃኑ ይበዛል። ስለዚህ ወጣቱ ሰማያዊ ጣል ያለበትንና የሚያብለጨልጨውን ነጭ ገና ከጅምሩ አልተቀበለም፤ እኩለ ቀን ላይ ዓይን ይወጋል። የመረጠው ትንሽ ቢጫ ጠብ የተደረገበት፣ ወደ ወተት የሚያደላ፣ የማያንጸባርቅ የውኃ ቀለም ነው። ከመቀባቱ በፊት አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ናሙና በሁለት ግድግዳ ላይ ቀብቶ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ በአምፖል አሳየን። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ግን ቆርቆሮ ቆርቆሮ ቀለም ተገዝቶ «ይሄ አይደለም የፈለግነው» ከማለት ያድናል።

አዲስ ልስን ቢያንስ 28 ቀን ሳይቆይ ብሩሽ አይነካውም፤ በክረምት ደግሞ ይጨምራል። ሲሚንቶው ገና እርጥብ ሳለ የሚወጣው እርጥበትና ጨው ቀለሙን ከሥሩ ይገፋዋል፤ የመላጥ ዋናው ምክንያት ይሄ ነው። ለመፈተን ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር ፕላስቲክ ግድግዳው ላይ ዙሪያውን በፕላስተር አሽገው ያሳድሩታል። ጠዋት ውስጡ ጤዛ ካለ ሥራው ይቆማል፣ ንግግር የለም። ቀጥሎ ግድግዳውን የሚያለሰልሰው ስቱኮ ነው፤ አንድ ወፍራም ሳይሆን ሁለት ስስ። ብርጭቆ ወረቀት ሲመቱ አምፖሉን ከግድግዳው ጎን አስጠግተው ነው፣ ምክንያቱም ነጭና ሜዳ ግድግዳ እያንዳንዱን ጉብታ ያጋልጣል። አቧራው በእርጥብ ጨርቅ ከተጠረገ በኋላ የመጀመሪያው እጅ ቀለም በውኃ ቀጠን ተደርጎ ይቀባል፣ ከዚያ ሁለት ሙሉ እጅ። አራት በአራት የሆነና ከፍታው 2.80 ሜትር የሆነ ክፍል በርና መስኮቱ ሲቀነስ 40 ካሬ ሜትር ያህል ግድግዳ አለው። አንድ ሊትር በለሰለሰ ግድግዳ ላይ 10 ካሬ ገደማ ስለሚሸፍን ለሁለቱ ሙሉ እጅ 8 ሊትር ይበቃል፤ ቀጠን ያለው የመጀመሪያው እጅ ለብቻው ይታሰብ፣ ለማደሻም አንድ ሊትር ጨምሩ። ቡና የሚፈላበት ክፍል ኮርኒስ ግን በከሰሉና በዕጣኑ ጭስ መጥቆሩ አይቀርም፤ እሱን በሚታጠብ ቀለም አስቀቡ።

እንጨቱ ላይ ነው የጋሼ ሙያ የሚታየው። ስካንዲኔቪያኖቹ የሚሠሩት በርች፣ ቢችና ፓይን በሚባሉ ፈዛዛ እንጨቶች ነው። ፊንላንዳዊው አርክቴክት አልቫር አልቶ በ1933 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. የሠራው ባለ ሦስት እግር በርጩማ ከበርች ነው፤ እግሩ ታጥፎ በቀጥታ ከመቀመጫው ሥር በብሎን ይያዛል፣ ሌላ ጌጥ የለውም። እነዚያን እንጨቶች እዚህ መፈለግ ልፋት ነው። ጋሼ የፈረንጅ ጽድ ይመርጣሉ፦ ፈዛዛ ነው፣ ለመላጊያ ይመቻል፣ ክልሉ ውስጥ ይገኛል። ባህር ዛፍ ሲደርቅ ይጠመዘዛል። ዋንዛ ያማረ እንጨት ነው፣ ግን መልኩ ቡናማ ነው፤ ዋንዛን ነጭ ቀለም ቀብቶ «ስካንዲኔቪያን» ማለት ለእንጨቱም ነውር ነው። መሬት የሚነካው የመደርደሪያ ሥር ደግሞ ከአገር ጽድ ይሠራል፣ ምስጥ ቶሎ አይደፍረውም።

ጣውላው በነሐሴ ተገዝቶ ወዲያው ከተሠራ በመጋቢት ይሰነጠቃል። የጎጃም በጋ ደረቅ ነው፣ እንጨቱ ያለውን እርጥበት ሲለቅ በወርዱ ይኮማተራል፤ 60 ሳንቲ ሜትር ወርድ ያለው የጠረጴዛ ገጽ ግማሽ ሳንቲ ያህል ሊሸሽ ይችላል። ስለዚህ ጋሼ ጣውላውን ከመሬት አንሥተው፣ በየመካከሉ ቀጭን እንጨት አስገብተው፣ ጥላ ሥር ወራት ያደርቁታል። ገጹን ከእግሩ ጋር ሲያያይዙ ደግሞ ብሎኑ የሚገባበትን ቀዳዳ ክብ ሳይሆን ሞላላ ያደርጉታል፣ እንጨቱ ሲኮማተር መሄጃ እንዲያገኝ። ጠረጴዛ ስትረከቡ ገልብጣችሁ ይህን እዩ። ዙሪያውን በኮላና በምስማር ተጠርንፎ ከሆነ መሰንጠቁ የጊዜ ጉዳይ ነው።

ቫርኒሽ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የተለመደው የዘይት ቫርኒሽ ፈዛዛውን እንጨት ማር ማር ያስመስለዋል፣ እያደር ደግሞ ይባስ ይቢጫል። ዴንማርኮች ከጥንት የሚጠቀሙት ሳሙና ነው። ጋሼም ይህንኑ ለምደው፣ ቀለምና ሽቶ የሌለው ሳሙና ፈቅፍቀው ግማሽ ኩባያውን በአንድ ሊትር የፈላ ውኃ ያሟሙታል፤ ሲቀዘቅዝ በጨርቅ ይቀባሉ፣ ትርፉን ይጠርጋሉ፣ ያደርቃሉ። ውኃው የእንጨቱን ጭረት ስለሚያስነሣው 240 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በስሱ ይመታና ይደገማል፤ ሦስት አራት ጊዜ። የሽቦ ፋቂ ግን አይነካውም፣ የቀረ የብረት ብናኝ በእርጥበት ጥቁር ነጥብ ይተዋል። በሳሙና የተሠራ እንጨት ለአልጋ፣ ለመደርደሪያ፣ ለወንበር ያምራል። ለምግብ ጠረጴዛ ግን አይሆንም፤ በርበሬና እርድ የነካው ዕለት አበቃለት። እሱን ውኃ ወለድ በሆነ፣ በማያብለጨልጭ ቫርኒሽ ሦስት እጅ አድርገውልናል። ለበዓል ቀጤማ የምትጎዘጉዙ ከሆነም ከሥሩ ሰሌን ይነጠፍ፤ እርጥብ ሣር በተላጠ የእንጨት ወለል ላይ አሻራ ይጥላል።

መብራቱን በተመለከተ መሐል ላይ ያንጠለጠልነውን አንድ ነጭ አምፖል አስወርደው በአራት ቦታ ዝቅ ያሉ መብራቶች ተኩ። እሽጉ ላይ 2700 ኬልቪን ወይም ዋርም ዋይት የሚለውን ግዙ፤ 6500 የሚለው ወተት የመሰለውን ግድግዳ የሆስፒታል ኮሪደር ያደርገዋል። ከምግብ ጠረጴዛው በላይ ያለው ከገጹ 60 እና 70 ሳንቲ መካከል ላይ ተንጠልጥሏል፣ የተቀመጠ ሰው አምፖሉን ራሱን እንዳያይ። ሽፋኑ የኢንጅባራ ቀርከሃ ነው። ቀርከሃው ሦስት ዓመት ያለፈው፣ በበጋ የተቆረጠ መሆን አለበት፤ ለጋው ነቀዝ ይበላዋል። ውስጡም የሚያቃጥል አምፖል ሳይሆን ከ9 ዋት የማይበልጥ ኤልኢዲ ይሁን።

የበግ ቆዳውን ነገር ጋሼ በሳቅ ነው የመለሱልን። አጎዛ ለጎጃም ቤት አዲስ አይደለም፣ ፈረንጆቹ ናቸው ዘግይተው ያሳዩን። ግን የዋሸራ በግ ጠጉሩ አጭር ነው፣ መልኩም አብዛኛውን ጊዜ ቡናማ፤ ፎቶው ላይ ያለውን ረጅም ነጭ ጠጉር ከእሱ አትጠብቁ። ረጅም ጠጉር የፈለገ የመንዝ በግ ቆዳ ይፈልግ። ለእኛ አጭሩ ተስማምቶናል፣ አቧራ አይዝም። መጋረጃው የሸማኔ ሥራ ነው፣ ከመስኮቱ ወርድ እጥፍ፤ ሸማው ሳይቆረጥ ታጥቧል፣ ካልሆነ በመጀመሪያው እጥበት ከመሬት ከፍ ብሎ ይቀራል።

ጉድለታቸውንም እንናገር። ዘገምተኛ ናቸው። ለሠርግ ወይም ለጥምቀት የሚጣደፍ ሰው ባይሄድ ይሻላል፤ እንጨቱ ካልደረቀ ቀብድ አይቀበሉም። ሶፋ አይሠሩም፣ ቺፑድም አይነኩም። ዕቃውን ባለቤቱ ራሱ እንዲገዛ ይፈልጋሉ፣ ዝርዝሩን ግን እስከ ብሎኑ ቁጥር ጽፈው ይሰጣሉ፤ የተረፈውን ቀለምም ቆርቆሮው ላይ ክፍሉን ጽፈው ያስረክባሉ።

አድራሻቸውን ለሚፈልግ በውስጥ መስመር እንሰጣለን። ከመሄዳችሁ በፊት የክፍሉን ርዝመት፣ ወርድና ከፍታ፣ መስኮቱም ወደ የት እንደሚያይ ጻፉ። ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ የቀትሯ ፀሐይ ባሕር ዳር ላይ በሰሜን በኩል ነው የምታልፈው፣ በቀረው ጊዜ በደቡብ፤ የምሥራቅና የምዕራብ መስኮት ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ዝቅ ያለ ፀሐይ ያስገባል። ጋሼ ፎቶውን ከማየታቸው በፊት የሚጠይቁት ይህንን ነው።