የአዲስ የትራክ ሾፌር የመጀመሪያ ካምፓኒ፦ ትልቁ፣ የአገር ልጁ ወይስ ሊዙ?

አሜሪካ ውስጥ ሲዲኤል (የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ) ያወጣ ወዳጅ ባገኘሁ ቁጥር፣ በቤተ ክርስቲያን ግቢም ይሁን በትራክ ስቶፕ፣ «የት ልጀምር?» ብሎ ይጠይቀኛል። ጠያቂው ብዙውን ጊዜ መልሱን በልቡ ይዞ የመጣ ነው፤ የአገሩ ልጅ የከፈተው ባለ አምስት መኪና ካምፓኒ በሳምንት ይህን ያህል እንደሚከፍል ሰምቷል፣ ስለ ትልልቆቹ ካምፓኒዎች ደግሞ «ጉልበት ይበላሉ» ተብሎ ተነግሮታል። ሦስተኛው አማራጭ ሊዝ፣ ማለትም መኪናውን ከካምፓኒው ተከራይቶ እየከፈሉ ባለቤት ለመሆን መሞከር ነው። እኔም በ2022 ጥቅምት ወር ላይ (ዓመቶቹንና ወራቱን ሁሉ በአሜሪካ አቆጣጠር እጽፋለሁ) ይህንኑ ሰምቼ ነው ሥራ የጀመርኩት። ለመጀመሪያው ዓመት ትልቁን ካምፓኒ እንደምመርጥ ከወዲሁ ልናገርና ወደ ሒሳቡ ልለፍ።

የአገሬ ልጅ የከፈተው የመጀመሪያው ካምፓኒዬ የመድን ድርጅት ልምድ ለሌለው ሾፌር ለብቻው መኪና እንዲሰጠው ስለማይፈቅድ፣ ከአንድ አንጋፋ ሾፌር ጋር በቲም (አንድ መኪና እየተፈራረቅን እንድንነዳ) ተመደብኩ። መኪናው ለሚሄደው ለእያንዳንዱ ማይል ለእያንዳንዳችን 36 ሳንቲም ይታሰባል፤ በሳምንት 5,000 ማይል ስለምንሄድ 1,800 ዶላር ታገኛለህ ተባልኩ። በሰባት ወር ውስጥ ግን 5,000 ማይል የሞላነው ጥቂት ሳምንት ብቻ ነበር፤ መኪናው ጋራዥ የዋለበትና ጭነት የጠበቅንበት ጊዜ ሲካተት አማካዩ ወደ 3,900 ማይል ወረደ። ይህ 1,404 ዶላር ነው። ከዚህ ላይ ለአደጋ መድንና የመንጃ ሰዓትን ለሚመዘግበው ኤሌክትሮኒክ ሎግ በየሳምንቱ 60 ዶላር ይቆረጣል። ክፍያው በ1099 (እንደ ተቀጣሪ ሳይሆን እንደ ራሱን የቻለ ተቋራጭ፣ ግብር ሳይቆረጥ በሚከፈልበት የግብር ቅጽ) ስለነበር አሠሪና ሠራተኛ ለሁለት የሚካፈሉትን የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር ግብር እኔው ብቻዬን መክፈል ነበረብኝ፤ እሱም በሳምንት 198 ዶላር ገደማ ነው። 1,146 ዶላር ቀረኝ። በመጀመሪያዎቹ አሥር ሳምንታት 250፣ 250 እየተባለ የተያዘብኝን የ2,500 ዶላር መያዣ ደግሞ ስወጣ አላገኘሁትም፤ እሱን በሠላሳው ሳምንት ሳካፍለው ሳምንታዊ ገቢዬ 1,063 ዶላር ሆነ። የገቢ ግብር ገና አልተነካም።

ቀጥሎ የገባሁበት ትልቅ ካምፓኒ በደብልዩ ቱ (ለተቀጣሪ ሠራተኛ በሚሰጠው የግብር ቅጽ) ለማይል 52 ሳንቲም ይከፍለኝ ነበር። ብቻዬን በሳምንት በአማካይ 2,300 ማይል ነዳሁ፤ 1,196 ዶላር ይሆናል። የእኔ ድርሻ የሆነው 7.65 በመቶ ግብርና የጤና መድኑ 60 ዶላር ሲቀነሱ 1,045 ዶላር ይቀራል። ስለዚህ ያ ሁሉ የተወራለት ብልጫ በሳምንት 18 ዶላር ብቻ ነው! ለ1099 የሚያደላ አንድ ነገር እንዳለ አልክድም፤ በደብልዩ ቱ የሚሠራ ሾፌር ከ2018 ጀምሮ የመንገድ ምግቡን ከግብር ማስቀነስ ሲከለከል፣ በ1099 የሚሠራው ግን የቀን አበሉን 80 በመቶ ያስቀንሳል። ይህን ብጨምር ልዩነቱ ወደ 70 ዶላር ከፍ ይላል። ለዚህች 70 ዶላር ስል ግን በሚንቀጠቀጥ መኪና ውስጥ ተኝቼ ሰባት ወር ያለ ጤና መድን ሠርቻለሁ። የራሱ መኪና የሌለው፣ ጭነቱም ሰዓቱም በካምፓኒው የሚወሰንለት ሾፌር በሕግ ዓይን አብዛኛውን ጊዜ ተቀጣሪ መሆኑን፣ 1099 መቀበሉም ይህን እንደማይለውጠው ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

መያዣው የት እንደገባ ልናገር። መኪናው 900,000 ማይል ያለፈ ሲሆን የጭስ ማጣሪያው መብራት በየጊዜው ይበራ ነበር። ባለቤቱ ከጭስ መቆጣጠሪያው ሴንሰሮች አንዱን ከኢንተርኔት በርካሽ በተገዛ አስመሳይ ዕቃ አስቀየረው። ዕቃው ሁለት ሳምንት እንኳ አላገለገለም፤ በጥር 2023 ዋዮሚንግ ውስጥ በአይ-80 ላይ፣ ከላራሚ ወደ ሮሊንስ ስንሄድ ኤልክ ማውንቴን አካባቢ፣ ኮምፒውተሩ ፍጥነታችንን ወደ 5 ማይል አወረደው። ያ መንገድ በክረምት ነፋሱ ባዶ ተሳቢ የሚገለብጥ፣ በበረዶ ምክንያት በተደጋጋሚ የሚዘጋ ነው። ዲስፓቸሩ (ጭነት የሚመድብልን ሰው) «ትንሽ ጠብቁት፣ ራሱ ይለቃል» እያለ ሦስት ሰዓት ካቆየን በኋላ የመጎተቻ መኪና ተጠራ፤ ዋጋው 1,900 ዶላር ነበር። ሮሊንስ አራት ቀን ተቀመጥን፤ ማይል ስላልሄድን ክፍያ የለም፣ የሆቴሉንም ከኪሳችን ከፈልን። ሥራውን ስለቅ የመጎተቻው ዋጋ «መብራቱን አይታችሁ ዝም ብላችኋል» በሚል ከመያዣዬ ተቀነሰ፤ የቀረው 600 ዶላር ደግሞ የሁለት ሳምንት ማስጠንቀቂያ አልሰጠህም በሚል ቀረ። በትልቁ ካምፓኒ መኪናዬ ሁለት ዓመቷ ስለነበር በዋስትና ዘመኗ ውስጥ ነበረች፤ ስትበላሽ በሌሊትም የሚመልስ ስልክ አለ፣ ቆሜ ለዋልኩበት ቀንም 150 ዶላር ይታሰብልኛል።

ከገንዘቡ ሁሉ የከፋው ጉዳት የተከሰተው ግን ከለቀቅሁ በኋላ ነው። አዲስ ቀጣሪ፣ አመልካቹ ባለፉት ሦስት ዓመታት የነዳባቸውን ካምፓኒዎች የደኅንነት ታሪክ እንዲያጣራ የፌዴራሉ ደንብ ያስገድደዋል። እኔ ሳመለክት ያ ካምፓኒ የዶት ቁጥሩን (ከፌዴራሉ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት የተሰጠውን መለያ ቁጥር) ዘግቶ በሌላ ስም ሌላ ቁጥር አውጥቶ ስለነበር ስልኩን የሚያነሳ፣ ኢሜይሉን የሚመልስ ጠፋ። የሰባት ወር ሥራዬ እንደ ልምድ ሳይቆጠር ቀረና ከትኩስ ተመራቂዎች ጋር በአሠልጣኝ ሥር ስድስት ሳምንት፣ በሳምንት 650 ዶላር፣ እንደገና ጀመርኩ። የተሻለ የሚከፍሉት ሁሉ የሚጠይቁት የሚረጋገጥ የአንድ ወይም የሁለት ዓመት ልምድ ስለሆነ፣ አዲስ ሾፌር በመጀመሪያው ዓመት ከደመወዙ ይልቅ ይህን ማረጋገጫ ሊሰጠው የሚችል ቀጣሪ ሊፈልግ ይገባል።

ስለ ሎግ አንድ ነገር ልጨምር። ከአሥር ሰዓት ዕረፍት በኋላ በ14 ሰዓት ውስጥ መንዳት የሚፈቀደው 11 ሰዓት ነው። አንዳንድ ትንንሽ ካምፓኒዎች «ሰዓት ሲያልቅብህ ደውል፣ ይስተካከልልሃል» ይላሉ። የሚያስተካክለው ሰው ቢሮ ተቀምጧል፤ ፖሊስ ሲደርስበት ግን ጥፋቱ በሾፌሩ ሪከርድ ላይ ሦስት ዓመት ይቆያል። ከሰኔ 25 ቀን 2025 ጀምሮ ደግሞ በመንገድ ላይ ፍተሻ በእንግሊዝኛ መግባባት ያልቻለ ሾፌር እዚያው ከመንዳት ይታገዳል፤ በቲም ውስጥ እንግሊዝኛ የሚችለው ሌላው ነው ብሎ መጽናናት ከእንግዲህ አያዋጣም።

ትልቁ ካምፓኒ እንከን የለበትም ማለቴ አይደለም። መኪናው ከ65 ማይል በላይ እንዳይሄድ ታስሯል፣ ካሜራው ፊታችሁ ላይ ተተክሏል፣ ለፋሲካ ቤት ለመግባት ከወር በፊት መጠየቅ ያስፈልጋል። ትምህርቱን ከፍሎ የሚያስተምር ከሆነ የምትፈርሙትን ውል አንብቡ፤ ዓመት ሳይሞላ ለሚለቅ ሰው ቀሪው ዕዳ ሙሉውን ነው ወይስ በሠራበት ወር ልክ የሚቀንስ ነው? የእኔ ምክር ትምህርቱን ራሳችሁ ከፍላችሁ ነጻ ሆናችሁ እንድትገቡ ነው። ሥራ ለሌለው ወይም ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው የስቴቱ የወርክፎርስ ጽሕፈት ቤት ክፍያውን የሚሸፍንበት ዕድል ስላለ፣ እኔ ሳልጠይቅ ከኪሴ 5,000 ዶላር እንዳወጣሁ እናንተም እንዳታወጡ።

ሊዙን በአጭሩ ልለፈው። «ያለ ቅድመ ክፍያ የመኪና ባለቤት ሁን» የሚለው ውል፣ መኪናው ቢሄድም ቢቆምም ሳምንታዊ ክፍያ አለበት፤ ነዳጁና ጥገናው የሾፌሩ ነው፣ ጭነቱን የሚሰጠው ግን ያው መኪናውን ያከራየው ካምፓኒ ነው። ኮንግረስ ባዘዘው መሠረት ይህን ያጠናው የፌዴራል ግብረ ኃይል በጥር 2025 ባቀረበው ዘገባ አሠራሩ እንዲታገድ ነው የመከረው። ገና ተሳቢ ወደ ኋላ ማስገባት የሚለማመድ ሰው ይህን ሊነካው አይገባም።

በትልቁ ካምፓኒ 14 ወር ሠርቼ ወደ አገር ልጅ ካምፓኒ ተመልሻለሁ፤ ዛሬ ያለሁትም እዚያው ነው፣ ክፍያዬም ይበልጣል። በዚህኛው ጊዜ ግን ከመፈረሜ በፊት የካምፓኒውን የዶት ቁጥር ተቀብዬ፣ ሴፈር በሚባለው የመንግሥት ድረ ገጽ ላይ በሁለት ዓመት ውስጥ ከተፈተሹት መኪኖቹ ስንት በመቶው እንደታገዱ አየሁ፤ የአገሩ አማካይ ከ20 በመቶ ትንሽ ከፍ ያለ ሲሆን የእነርሱ 9 ነበር። ከዚያ ባለቤቱ ቡና ሲጋብዘኝ አመስግኜ መጀመሪያ ግቢው ውስጥ የቆሙትን ተሳቢዎች ጎማ ዞሬ አየሁ፤ ከሾፌሮቹም አንዱን ያለፈውን ሳምንት የክፍያ ወረቀቱን እንዲያሳየኝ ለመንኩት። ሳያንገራግር ከስልኩ አውጥቶ አሳየኝ፤ የመያዣ ቅናሽ የሚል መስመር አልነበረበትም።