ከዊላ ካተር የትኛውን ላስቀድም?

አሜሪካዊቷ ደራሲ ዊላ ካተር «ኦ ፓዮኒርስ!»ን በ1913፣ «ዘ ሶንግ ኦቭ ዘ ላርክ»ን ደግሞ በ1915 እ.ኤ.አ. አሳተመች። ሁለቱም በራሳቸው መንገድ ስለሄዱ ሴቶች የሚተርኩ ልብ ወለዶች ናቸው።

በመጀመሪያው፣ አባት ሊሞት ሲል የነብራስካውን እርሻ አደራ የሚሰጠው ለሴት ልጁ ለአሌክሳንድራ ነው። ጎረቤቶች መሬታቸውን እየሸጡ ሲሄዱ እሷ ተበድራ ትገዛለች። ይሳካላታል። በኋላ የምትቀርበው ሰው ሲመጣ ግን ወንድሞቿ ንብረቱ የወንዶቹ ነው ብለው ይነሱባታል። እዚህ ቦታ ላይ ደሜ ይፈላል። ስንቷ እህት ናት በውርስ ጊዜ ይህን የሰማችው!

የሁለተኛው መጽሐፍ ባለታሪክ ቲያ ግን ሀብቷ ድምፅዋ ነው። ከኮሎራዶ ትንሽ ከተማ ወጥታ ቺካጎ ሙዚቃ የተማረችው፣ ይወዳት የነበረ የባቡር ሠራተኛ ሲሞት በተወላት 600 ዶላር የሕይወት ኢንሹራንስ ነው። የኋላ ኋላ እናቷ ስትታመም ጀርመን ውስጥ ድሬስደን ላይ ትልቅ የኦፔራ ዕድል ይመጣላታል። አልተመለሰችም። እናቷም ሞተች። ካተር አትፈርድባትም፤ እኔም መፍረድ አቃተኝ። ለነፃነት የሚከፈለው ዋጋ ይበልጥ ያመመኝ እዚህ ነው።

የቲያ ታሪክ ግን ረጅም ነው፤ ወደ መጨረሻው ይንዛዛል። የአሌክሳንድራን ለማንበብ ግን ቅዳሜና እሑድ ይበቃል። ስለዚህ ከእሷ ጀምሩ።