4ጂ ስልክ ሁሉ በ4ጂ አይደውልም

ሻጩ «4ጂ ነው» ሲልዎት አልዋሸም፤ የሚናገረው ግን ስለ ኢንተርኔቱ ነው። ድምፅዎ በየት በኩል እንደሚያልፍ ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው፤ እኔ ስልክ ሳማርጥ መጀመሪያ የማየውም እሱን ነው።

ቮልቲ (VoLTE) ጥሪን በራሱ በ4ጂ ላይ የሚያሳልፍ አሠራር ነው። ቮልቲ የሌለው ስልክ ቁጥር ሲመቱበት 4ጂን ለቅቆ ወደ 3ጂ ወይም 2ጂ ይወርዳል። ጥሪው እስኪያያዝ ጥቂት ሰከንድ ይዘገያል፤ ኢንተርኔቱም ይንቀራፈፋል ወይም ይቆማል። ድምፁ ብዙውን ጊዜ ከ300 እስከ 3,400 ኸርዝ ባለው ጠባብ መስመር ይጨመቃል። «ሰ»ን ከ«ፈ» የሚለየው ፉጨት በአብዛኛው ከዚያ በላይ ስለሆነ፣ «ሠራ» ይበሉ «ፈራ» አይለይም፤ «እስቲ ይድገሙልኝ» የምንለው ለዚህ ነው። ቮልቲ ያለው ስልክ ጥሪውን እዚያው 4ጂ ላይ ይዞ እስከ 7,000 ኸርዝ ያለውን ድምፅ ያደርሳል። ከወዲያ ያለውም ስልክ ቮልቲ ካለው ትንፋሽ ሳይቀር ይሰማል።

«ዋትስአፕ እያለ ምን ያደርግልኛል?» የሚሉ አሉ። ለውጭ አገር ጥሪ እኔም ዋትስአፕንና ቴሌግራምን እመርጣለሁ፤ ኤምሬቶች ላለ ዘመድ ግን የዋትስአፕ ጥሪ እዚያ ስለታገደ ብዙዎች ቦቲም የተባለውን የጥሪ መተግበሪያ ይጭናሉ። የመተግበሪያ ጥሪ ከሌላው ሰው ቪዲዮና ፎቶ ጋር እየተጋፋ ነው የሚያልፈው። ለቮልቲ ጥሪ ኔትወርኩ ቅድሚያ ይሰጠዋል፤ መስመር በተጨናነቀ ሰዓት ልዩነቱ ወዲያው ይታወቃል። ደግሞም ገጠር ያሉ እናትዎ በተራ ስልካቸው ያነሱታል።

ወደ አሜሪካ የሚሄድ ሰው ይበልጥ ይጠንቀቅ። እዚያ ትልልቆቹ የስልክ ኩባንያዎች በ2022 እ.ኤ.አ. 3ጂን ስለዘጉ፣ ቮልቲ የሌለው ስልክ ለጥሪ የሚወርድበት 3ጂ አያገኝም። አይፎን 5ኤስ 4ጂ ቢኖረውም ቮልቲ የለውም፤ ቮልቲ የገባው ከአይፎን 6 ጀምሮ ነው። አንድሮይድ ላይ ስሙ አንድ የሆነ ስልክ እንኳ እንደ መጣበት አገር ይለያያል፤ ቮልቲው ለአንድ ኩባንያ ሲም ብቻ የተከፈተ ያጋጥማል።

ስለዚህ ሱቁ ውስጥ ዋይፋዩን ያጥፉ፣ ቮልቲ የተከፈተለትን የራስዎን ሲም ያስገቡና ይደውሉ። እየጠራ ሳለ የስክሪኑን ላይኛ ጥግ ይመልከቱ። 4ጂ ካልጠፋ ይግዙት። ወደ 3ጂ ከወረደ ሴቲንግ ውስጥ የቮልቲ ማብሪያው መከፈቱን ያረጋግጡና እንደገና ይሞክሩ። አሁንም ከወረደ ካሜራው የቱንም ያህል ቢያምር እኔ አልገዛውም።