ደሴ ላይ ኮምፒዩተር ስናስገጥም

የእህቴ ልጅ ደሴ ነው የሚኖረው፤ የሠርግ ካርድና የባነር ዲዛይን ይሠራል። ላፕቶፑ አርጅቶ ፎቶሾፕ በከፈተ ቁጥር እንደ ወፍጮ ቤት ይጮህበታል። «አክስቴ፣ ስትመጪ ዕቃ ዕቃውን ይዘሽልኝ ነይ፣ እዚሁ እናስገጥመዋለን» አለኝ። ማታ ማታ ከጓደኞቹ ጋር የኮምፒዩተር ኳስ ሊጫወትበት እንዳሰበ የነገረኝ ግን በኋላ ነው። አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ቁጭ ብዬ ስመርጥ ከረምኩ። ግማሹን ደህና መርጫለሁ፤ ግማሹን ያረመልኝ ደሴ ያለ አንድ ባለሙያ ነው። ለእረፍት የምትመጡ ሰዎች እንዳትሸወዱ የተገለገልኩባቸውን ባለሙያዎችና ሱቆች እንዳየኋቸው ልንገራችሁ።

ፕሮሰሰሩ፣ የኮምፒዩተሩ አንጎል ማለት ነው፣ ራይዘን 5 5600ጂ ነው። 6 ኮር አለው፣ 65 ዋት የሚባል ነው፣ ስክሪን ላይ ምስል የሚያወጣው ግራፊክስም ከውስጡ ነው። ልጁ ለብቻው ግራፊክስ ካርድ ካልተገዛለት ብሎ ነዝንዞኝ ነበር፤ ለሠርግ ካርድና ለኳስ ይኼ ይበቃል ብዬ እንቢ አልኩ። ዕቃው ሁሉ የሚሰካበት ማዘርቦርድ ቢ550 ነው። ፋይል የሚቀመጥበት ኤስኤስዲ ብዙ አያናግርም፣ 1 ቴራባይት ገዛሁና አለፍኩ። መብራቱን ተቀብሎ ለዕቃዎቹ የሚያከፋፍለው ፓወር ሰፕላይ ላይ ግን ቋጠርኩ። ምድር ቤት ከተጣለ አሮጌ ኮምፒዩተር ነቅዬ አመጣሁት፤ እየሠራ ለምን ብር ላውጣ ብዬ።

ኬዝ (ሳጥኑን) ከውጭ አትሸከሙ፣ ቆርቆሮ ነው፣ ደሴ ሞልቷል። ሌላውን በልብስና በፎጣ ጠቅልዬ ከቦሌ ኮምቦልቻ በረርኩ፤ አንድም ነገር አልተሰበረም። ከኮምቦልቻ ሚኒባስ ያዝን። ረዳቱ ሻንጣዋን ጣሪያ ላይ ሊጭን ሲል እንቢ ብዬ ጭኔ ላይ አስቀመጥኳት። ሾፌሩ በመስታወት አየኝና «እንቁላል ነው እንዴ የያዝሽው?» አለ። ከእንቁላል ይብሳል አልኩት። ከዚያ የሐረጎን ጠመዝማዛ እንዴት ቀስ ብሎ እንደወጣልኝ! ወራጅ እስክል አንዴም በኃይል ፍሬን አልያዘም።

የባለሙያው ሱቅ ፒያሳ አካባቢ ነው፤ ከሁለት ደንበኛ በላይ አያስቆምም። ገና ካርቶኑን ሳይከፍት «የሚቀመጠው ደሴ ነው ኮምቦልቻ?» ብሎ ጠየቀኝ። ምን አገባው ብዬ ነበር። ለካ ኮምቦልቻ ከደሴ ስለሚሞቅ ተጨማሪ ፋን ያስገባለታል፤ ለደሴ ግን ከፕሮሰሰሩ ጋር የመጣው ፋንና ከኋላ አንድ ይበቃል። «እዚህ ብርዱ ራሱ ፋን ነው» አለ። ከፍታው 2500 ሜትር ገደማ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፣ ፋንም የሚገፋው አየር ያንሰዋል፤ ቢሆንም የጦሳ ተራራን ብርድ የሚያውቅ ሰው አይከራከረውም።

ከዚያ ፓወር ሰፕላዩን አነሳ። በመዳፉ መዘነው፣ ገለበጠው፣ ገመዱ ከሚሰካበት አጠገብ ያለችውን ቀይ ማብሪያ በጥፍሩ ነካ አደረጋትና «እትዬ፣ ይቺን አይተሻታል?» አለኝ። ላይዋ ላይ 115 ይላል፤ ለካ የቮልት መምረጫ ናት። የአሜሪካ ቤት መብራት 120 ቮልት ነው፣ የእኛ 220። እንዳለ ብንሰካው ጥይት የተተኮሰ ነበር የሚመስለው። በመፍቻው ጫፍ ወደ 230 ገፋትና «አሁን አገሯን ለመደች» አለ። አዲሶቹ አብዛኞቹ ከ100 እስከ 240 ቮልት ራሳቸው ስለሚያስተናግዱ ይቺ ማብሪያ የለቻቸውም። ከአሮጌ ኮምፒዩተር ለምትነቅሉ ግን፣ በአላህ፣ ጀርባውን እዩ።

ሁለተኛው ጥፋቴ ራሙ፣ የኮምፒዩተሩ የሥራ ሜሞሪ፣ ነው። ይረክሳል ብዬ ባለ16 ጊጋ አንድ ፍሬ አመጣሁ። ባለሙያው ደግሞ ግራፊክሱ ለብቻው ሜሞሪ ስለሌለው የሚበላው ከራሙ ነው፣ ሁለት ራም ሲሰካ መንገዱ ይሰፋለታል አለኝ፤ «አንድ እጅ አያጨበጭብም።» ዕቃ ሊሸጥልኝ ነው ብዬ ተጠራጠርኩ። ክርክር ሳያበዛ በአንዱ ብቻ አስነሳውና ኳሱን ከፈተው፤ አጥቂው ከመታ በኋላ ኳሷ እያሰበች ነው የምትሄደው። ከመሳቢያው ባለ8 አውጥቶ ጨመረ። ማሽኑን ሲያበራው ፋኑ ይዞራል፣ ስክሪኑ ጨለማ ነው። ልቤ ቀጥ አለ። «አብሽሪ» አለና ራሙን በሁለት አውራ ጣቱ ቀጭ እስኪል ተጫነው፤ መጣ። አሁን ጥራቱን መካከለኛ ላይ አድርገው ሳይቆራረጥ ይጫወታሉ። የጨመረውን ራም ደስ ብሎኝ ገዛሁት።

ነቀፌታ ካላችሁኝ ቀጠሮው ነው። ዓርብ ጠዋት አደርሳለሁ ብሎ ከጁምዓ በኋላ፣ ወደ 9 ሰዓት ላይ መጣ። የእጅ ዋጋ ብሎ የጠየቀኝ ግን ያሳፍራል፣ ጨምሬ ነው የከፈልኩት።

ያቃጠለኝ ዩፒኤሱ፣ መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆየው ዕቃ፣ ነው። ከሌላ ሱቅ ገዛን፤ መብራት ሲኖር ይሠራል፣ መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። መልሰን ብንወስደው ሰውየው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየን ግድግዳው ላይ ወደለጠፈው «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ጠቆመን። ለካ ባትሪው መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ተቀምጦ ሞቷል። ዩፒኤስ ስትገዙ ብር ከመክፈላችሁ በፊት ስክሪን ሰክታችሁ ከሶኬቱ ንቀሉትና ቁጭ ብላችሁ ጠብቁ። ባለሙያችን ባለ12 ቮልት፣ ባለ7 አምፒር-ሰዓት ባትሪ ቀየረለት። በሰው አዲስ ፓወር ሰፕላይ እልካለሁ ስለው ደግሞ «ሳትገዢ ደውይልኝ» አለ፤ አንዳንዶቹ አዳዲሶች ከእንዲህ ያለ ርካሽ ዩፒኤስ ጋር አይስማሙም፣ ወደ ባትሪ ሲዞር ድርግም ይላሉ።

የመጨረሻው ኤሌክትሪሻኑ ነው። እማዬ አቧራ ልትወለውል ኬዙን ነካችና «ይኼ ዕቃ ይነክሳል» ብላ እጇን ሰበሰበች። ማንም አላመናትም፣ እስክንነካው ድረስ። የቤታችን ሶኬት የድሮ ነው፣ ባለሁለት ቀዳዳ፣ መሬት የሚባል ሽቦ የለውም። ሰውየው ጓሮ፣ ዕቃ በሚታጠብበት እርጥብ ቦታ፣ ረጅም ብረት በመዶሻ ቀበረና ሽቦውን እስከ አዲሱ ሶኬት አመጣው። ግማሽ ቀን ፈጀበት፣ ምሳ በላ፣ ሦስተኛውን ቡና ሳይጠጣ አልሄደም። ኮምፒዩተሩ ከዚያ ወዲህ አልነዘረም።

ልመለስ አንድ ቀን ሲቀረኝ ማታ መብራት ሄደ። ሰፈሩ ሁሉ ጨለመ፣ ዩፒኤሱ ጢጥ ጢጥ ይላል፣ ልጆቹ ግን 1 ለ 1 ስለሆኑ ቀና ያለም የለ። እማዬ ሻማ ይዛ በር ላይ ቆመችና ስክሪኑን ትክ ብላ አየችው። «ይኼ ደግሞ» አለች፣ «መብራት መሄዱን አልነገራችሁትም?»