ለአደን ውሻ የኤሌክትሮኒክ ኮላር ስትገዙ፦ አንገት የማያቆስለው የትኛው ነው?

ባለፈው ዓመት የአደን ወቅት በተከፈተ በሁለተኛው ሳምንት፣ እሑድ ማታ የውሻዬን የዳማን አንገት ስዳብስ ጣቴን አንዳች እርጥብ ነገር ነካው። ጸጉሩን ከፍዬ በባትሪ ሳበራበት ሁለት ክብ ቁስሎች አየሁ። እያንዳንዳቸው የምስር ፍሬ ያክላሉ፤ መሐላቸው ቀልቶ ዳር ዳሩ ገርጥቷል። በመካከላቸው ያለው ርቀት ከኮላሩ ሁለት የብረት ጉጦች ጋር ልክ ለልክ ነው። ኮላሩ የሪሞቱ ቁልፍ ሲጫን በእነዚህ ጉጦች በኩል አነስተኛ ኤሌክትሪክ ወደ ውሻው አንገት የሚልክ የማሠልጠኛ ማሰሪያ ነው። ኤሌክትሪኩ አቃጠለው ብዬ ክው አልኩ። ነገር ግን በእነዚያ ሦስት ቀናት የሪሞቱን ቁልፍ አንድም ጊዜ አልተጫንኩም ነበር።

ነገሩን የገለጡልኝ ልጆቻቸውን ሊጠይቁ ከጎጃም የመጡ የጎረቤቴ አባት ናቸው። በቅሎ ሲጭኑና ሲያራግፉ የኖሩ ሰው ናቸው። ጎንበስ ብለው አዩና፣ "ልጄ፣ ይሄ እሳት አይደለም፤ ገጣባ ነው። ጭነቱን ሳታወርድለት አሳድረኸው ነው" አሉኝ። በማግስቱ የእንስሳት ሐኪሟም ያለችው ይህንኑ ነው። ጉጡ ቆዳውን ለረጅም ሰዓት ሲጫነው ከሥሩ ያሉት ቀጫጭን የደም ሥሮች ይዘጋሉ። ደም ያላገኘ ቆዳ ደግሞ ይሞታል። ተኝቶ የከረመ በሽተኛ ጀርባው የሚቆስለውም በዚሁ ምክንያት ነው። እርጥበት ሲጨመርበት ቆዳው ይላላል፤ ተህዋስ ይገባበታል፤ ነገሩ ይብሳል። ዓርብ ማታ ለጉዞ ስንነሳ ያሰርኩለትን ኮላር እስከ እሑድ ማታ አልፈታሁለትም ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው።

ከዚያ ወዲህ ኮላር የምመርጥበት መንገድ ተለወጠ። ማስታወቂያው ሁሉ የሚያወራው ሪሞቱ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚደርስና ስንት ደረጃ እንዳለው ነው። እኔ ግን መጀመሪያ ኮላሩን ገልብጬ ሆዱን አያለሁ። ውሻውን የሚነካው በዚያ በኩል ነው።

የምኖረው ሱ ፎልስ፣ ደቡብ ዳኮታ ነው። እዚህ የፌዛንት (ቆቅ መሰል የዱር ወፍ) አደን ኦክቶበር በገባ በሦስተኛው ቅዳሜ ይከፈታል፤ እስከ ጃንዋሪ መጨረሻ ይዘልቃል። ወፏ የምትደበቀው ረግረግ ውስጥ በበቀለ ፊላ መሐል ስለሆነ፣ ውሻው ቀኑን ሙሉ ውሃና ጭቃ ውስጥ ይውላል፤ ጭጎጎት ለብሶም ይወጣል። ከዚህ በታች የማወዳድረው ለእንደዚህ ዓይነት ሥራ የሚሆነውን ነው።

ጉጦቹ፦ ርዝመት ከብረቱ ዓይነት ይቀድማል

ብዙ ሰው የሚጠይቀው ስቴንለስ (የማይዝግ ብረት) ይሻላል ወይስ ቲታኒየም ብሎ ነው። በእኔ እይታ ቀድሞ መጠየቅ ያለበት ርዝመቱ ነው። አብዛኞቹ ኮላሮች አጭርና ረጅም ጉጥ አላቸው፤ አጭሩ 16 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ረጅሙ ደግሞ 19 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ልዩነቱ ለዓይን ኢምንት ቢመስልም ለውሻው ግን ትልቅ ነው። ዳማ የጀርመን አጭር ጸጉር ፖይንተር ነው። ጸጉሩ እንደ በቅሎ ጸጉር አጭርና ልጥፍ ያለ ስለሆነ አጭሩ ጉጥ ይበቃዋል፤ ረጅሙ ቆዳውን ይወጋዋል። የአደን ጓደኛዬ ላብራዶር ደግሞ ከላይ ሻካራ፣ ከሥር እንደ ጥጥ ጥቅጥቅ ያለ ድርብ ጸጉር አላት። አጭሩ ጉጥ ቆዳዋ ድረስ አይዘልቅም።

የብዙ ሰው ስህተት የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ጉጡ አልነካ ሲል ባለቤቱ ጉጡን በመቀየር ፋንታ ማሰሪያውን ያጠብቃል። አሁንም አልነካ ሲል አንድ ቀዳዳ ይጨምራል። ላብራዶሯ የቆሰለችው በረጅም ጉጥ ሳይሆን በአጭር ጉጥና በጠበቀ ማሰሪያ ነበር። ጸጉሩን በምላጭ መላጨትም መፍትሔ አይሆንም፤ የተላጨ ቆዳ ይበልጥ ይቆጣል። ጥቅጥቅ ያለውን የውስጥ ጸጉር በማበጠሪያ ማሳሳት ይበቃል። ስለዚህ ሁለቱም ርዝመት በሳጥኑ ውስጥ ያለውን ግዙ። ጉጡ የማይፈታ ኮላር በርካሽ ቢገኝም አትውሰዱት።

ወደ ብረቱ ስንመጣ፣ ስቴንለስ ጠንካራ ነው፤ ዋጋውም ቀላል ነው፤ ለአብዛኞቹ ውሾችም ይስማማል። ውስጡ ግን ኒኬል አለ። ኒኬል የማይስማማው ውሻ ደግሞ አለ፤ ርካሽ የጆሮ ጌጥ አድርጎ ጆሮው እንደሚያሳክከው ሰው ማለት ነው። ቲታኒየም ኒኬል ስለሌለው እንዲህ ዓይነት ጣጣ የለበትም፤ ዋጋው ግን ከፍ ይላል። ታዲያ በየትኛው ምክንያት እንደቆሰለ በምን ይለያል? ገጣባ ከሆነ ሁለት የተለዩ ነጥቦች ይታያሉ፤ የሚመጣውም ከረጅም ሰዓት በኋላ ነው። ብረቱ ካልተስማማው ግን መቅላቱ ከጉጡ ዙሪያ ሰፋ ይላል፤ ውሻው ያካል፤ ኮላሩን ላላ አድርጋችሁ ለአጭር ጊዜ ብታስሩለትም ይመለሳል። ሁለተኛውን ካያችሁ ቲታኒየም መግዛት ገንዘብ ማባከን አይደለም። የመጀመሪያውን ካያችሁ ግን ቲታኒየም አያድናችሁም፤ ወርቅም ቢሆን ሳይፈታ ካደረ ያቆስላል።

ሦስተኛ አማራጭም አለ፤ ጫፉ ሰፋ ያለ ወይም ብዙ ትንንሽ ነጥቦች ያሉት። ጫናውን ስለሚያከፋፍለው ለስላሳ ቆዳ ጥሩ ነው። ፊላ ውስጥ ግን ጭቃና ጭጎጎት ይሰገሰግበታል። ለሜዳ ልምምድ እንጂ ለረግረግ አልመርጠውም።

ማሰሪያው፦ ናይለን፣ ሽፋን ያለው ወይስ ላስቲክ

ናይለን ለስላሳና ርካሽ ነው፤ እንደፈለጉ ያጠብቁታል፣ ያላሉታል። ክፋቱ ውሃ መምጠጡ ነው። ዓርብ የራሰ ናይለን ቅዳሜ ጠዋት ገና እርጥብ ነው፤ ይሸታልም። ያንን እርጥብ ነገር መልሶ አንገት ላይ ማሰር ቁስል መጋበዝ ነው። ደረቅ አገር ለሚያድን ሰው ናይለን በቂ ነው፤ ለእኛ ግን አይሆንም።

ሁለተኛው በውስጡ ድር ሆኖ በላዩ ላይ ፕላስቲክ የተሸፈነው ነው። ውሃ አይመጥም፤ በእርጥብ ጨርቅ ጠረግ ሲያደርጉት ወዲያው ንጹሕ ነው። የምመርጠው ይህንን ነው። ሲገዛ ግን መታየት ያለበት የቀዳዳዎቹ ርቀት ነው። የዳማ የመጀመሪያ ማሰሪያ ቀዳዳዎች ተራርቀው ስለነበር በአንዱ ቀዳዳ ይንሸራተታል፣ በሚቀጥለው ደግሞ ያንቀዋል። ቀዳዳቸው ተቀራርቦ የተበሳ ወይም ያለ ቀዳዳ የሚንሸራተት ዘለበት ያላቸው አሉ፤ እነሱን ፈልጉ።

ላስቲክ ያለው ማሰሪያ ውሻው ሲያለከልክና ጎንበስ ሲል አብሮ ስለሚሳብ ጫናውን ያቀልለታል። አንገቱ ቀጭን ለሆነ፣ ብዙ ለሚሮጥ ውሻ ደግ ነው። ነገር ግን ላስቲኩ በጊዜ ብዛት ይላላል። ሲላላ ኮላሩ ይዞራል፤ የሚዞር ኮላር ደግሞ ይፈትጋል። በየወቅቱ ለመቀየር ዝግጁ ከሆናችሁ ብቻ ግዙት።

ከባድ ጂፒኤስ ወይስ ቀላል?

ማሠልጠኛና ጂፒኤስ (ውሻው ያለበትን ቦታ የሚያሳይ መከታተያ) በአንድ ላይ የያዘው ኮላር ሩብ ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ለ30 ኪሎ ውሻ ብዙ ባይሆንም ክብደቱ ወደ ታች ስለሚጎትት ጉጦቹ ከቦታቸው ይንሸራተታሉ፤ ባለቤቱም እንዳይዞር ብሎ ያጠብቀዋል። ማሠልጠኛ ብቻ የሆነው ቀለል ይላል፤ በትንሽ ማጥበቅም ይረጋል።

ውሻችሁ ሠልጥኖ ያለቀ ከሆነና ጭንቀታችሁ ፊላ ውስጥ እንዳይጠፋባችሁ ብቻ ከሆነ ደግሞ መከታተያ ብቻ የሆነ፣ ጉጥ ጨርሶ የሌለው ጂፒኤስ ኮላር አለ። ከሁሉም አንገት የማያቆስለው እሱ ነው፤ ሻጮች ግን ብዙም አያነሱላችሁም። በቫይብሬትና በፊሽካ የሚታዘዝ ውሻ ያለውም ሰው ጉጦቹን ፈትቶ ማስቀመጥ ይችላል፤ ቫይብሬት ያለ ጉጥ ይሠራል።

የትኛውንም ብትገዙ

ኮላር አምራቹ ጋርሚን በመመሪያው ከ24 ሰዓት ውስጥ ቢያንስ ለ8 ሰዓት ኮላሩ እንዲወልቅ ያዛል። ሌላው አምራች ስፖርትዶግ ደግሞ በቀን ከ12 ሰዓት በላይ እንዳይታሰር፣ ሲቻልም በየ1 ወይም 2 ሰዓቱ ቦታው እንዲቀያየር ይላል። እኔ ምሳ ስንበላ እፈታለሁ፤ አንገቱን በደረቅ ፎጣ አብሼ ስመልስ ጉጦቹን ከግራ ወደ ቀኝ አዞራለሁ። መኪና ውስጥ ኮላር የለም። ሌሊት ኮላር የለም።

ስታስሩ ውሻው ቆሞ ይሁን፤ ከጆሮው በታች ከፍ አድርጉት፤ ጉጦቹ ጉሮሮው ላይ ሳይሆን በጎን ይረፉ። በጉጡና በቆዳው መካከል አንድ ጣት ይግባ። የመጎተቻ ገመድ በፍጹም ከዚህ ኮላር ላይ አታስሩ፤ ሲጎተት ጉጡ ቆዳው ውስጥ ይቀረቀራል። ለእሱ ሌላ ተራ ማሰሪያ ይኑረው። የላላ ጉጥ እየተነቃነቀ ስለሚፈትግ በየጊዜው አጥብቁት። በሳምንት አንዴ ጉጦቹንም አንገቱንም በእርጥብ ጨርቅ እጠቡ። የመዥገር መድኃኒት ስትረጩ ኮላሩ ይውለቅ። ቀይ ነገር ካያችሁ እስኪድን አቁሙ፤ በ48 ሰዓት ካልተሻለው ወደ ሐኪም ውሰዱት።

አውሮፓ ላላችሁ አንባቢዎች አንድ ነገር ልጨምር። ዌልስ በ2010 የኤሌክትሪክ ኮላርን በሕግ ከልክላለች፤ በጀርመን፣ በኦስትሪያ፣ በዴንማርክና በስዊድንም አይፈቀድም። ከአሜሪካ ለወዳጅ ልትልኩ ካሰባችሁ ጉጥ የሌለውን መከታተያ ምረጡ፤ ከመላካችሁ በፊትም የዚያን አገር ደንብ ጠይቁ።

ዘንድሮ ለዳማ የያዝኩለት በፕላስቲክ የተሸፈነ፣ ቀዳዳው የተቀራረበ ማሰሪያ ያለው፣ ባለ አጭር ስቴንለስ ጉጥ ቀላል ኮላር ነው። ቁስሉ በሦስት ሳምንት ገደማ ዳነ። ቡናማው ጸጉሩ መሐል ሁለት ነጭ ነጠብጣቦች በቅለዋል፤ የጎረቤቴ አባት ፎቶውን ሲያዩ "እንዲያው እንደ በቅሎዬ ጀርባ" አሉኝ።