የባትሪ ሰርኪዩት መማሪያ ሳጥን፦ መለኪያዎቹ ግሩም፣ መመሪያው ግን ስህተት ያለበት

ለልጄ የገዛሁት የኤሌክትሪክ መማሪያ ሳጥን ሁለት የባትሪ ድንጋይ ማስቀመጫ፣ ትንንሽ አምፖሎች፣ ማብሪያና ማጥፊያ፣ ጫፋቸው ላይ መቆንጠጫ ያላቸው ሽቦዎችና ሁለት አምሜትሮች (የኮረንቲ መጠን መለኪያዎች) ይዟል። እኔ በእጅጉ የወደድኩለት አምሜትሮቹ ሁለት መሆናቸውን ነው።

ብዙ ተማሪዎች ኮረንቲ ከባትሪው ወጥቶ በአምፖሉ ሲያልፍ በከፊል ተበልቶ የሚቀር ይመስላቸዋል። አንዱን አምሜትር ከአምፖሉ በፊት፣ ሌላውን ከአምፖሉ በኋላ በተከታታይ አገናኝተን ማብሪያውን ስንጫን፣ 2.5 ቮልት 0.3 አምፔር የሚል የተጻፈበት አምፖል ቦግ ብሎ በራ፤ ሁለቱም መርፌዎች 0.3 አካባቢ እኩል ቆሙ። ልጄ አንደኛው መለኪያ የተበላሸ መስሏት ቦታቸውን አቀያየረች፤ ንባቡ ግን ያው ሆነ። አምፖሉ ወደ ብርሃንና ሙቀት የሚለውጠው ጉልበትን ነው፤ ኮረንቲውን የሚሸከሙት ጥቃቅን ቅንጣቶች፣ ኤሌክትሮኖቹ፣ ሳይጎድሉ ዙሪያውን ይቀጥላሉ። ሁለተኛ አምፖል በተከታታይ ስንጨምር ሁለቱም አምፖሎች ደበዘዙ፣ መርፌዎቹም አብረው ዝቅ አሉ። ንባቡ በትክክል ግማሽ ያልሆነው የአምፖሉ ክር ሙቀቱ ሲቀንስ ሬዚስታንሱም (የኮረንቲን ፍሰት የመቋቋም መጠኑ) ስለሚቀንስ ነው፤ ይህን ማየት ለአንድ ተማሪ ትልቅ ነገር ነው።

የሚያሳዝነው መመሪያው ነው። በመጀመሪያው ሥዕል ላይ ከአምፖሉ በፊት ያሉት ቀስቶች ወፍራም፣ ከአምፖሉ በኋላ ያሉት ቀጭን ናቸው፤ ይህም መለኪያዎቹ ያፈረሱትን የተሳሳተ ሐሳብ መልሶ ይተክላል። ኮረንቲ ከባትሪው ውጭ ከፖዘቲቭ ወደ ኔጋቲቭ ይሄዳል ማለቱ በተለመደው ስምምነት መሠረት ትክክል ነው፤ ሆኖም በሽቦው ውስጥ ኤሌክትሮኖች የሚጓዙት በተቃራኒው አቅጣጫ መሆኑን አንድም ቦታ አይገልጽም።

ከዚህ የከፋው የጥንቃቄ ማሳሰቢያ አለመኖሩ ነው። አምሜትር የራሱ ሬዚስታንስ እጅግ ትንሽ በመሆኑ፣ አምፖል ሳይኖር በቀጥታ የባትሪውን ሁለት ጫፎች ቢያገናኝ ብዙ ኮረንቲ ያልፍበትና ሊቃጠል ይችላል፤ ባዶ ሽቦም እንዲሁ ቢደረግ ሽቦውና ባትሪው ይግላሉ። ልጆች ደግሞ ይህን መሞከራቸው አይቀርም። መቆንጠጫዎቹም ላላ ያሉ በመሆናቸው አምፖሉ ብልጭ ድርግም ሲል መጀመሪያ መፈተሽ ያለባቸው እነሱ ናቸው።

ይህም ሁሉ ሆኖ ሳጥኑ ለላይኛው የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ቢገዛ እመክራለሁ፤ ወላጅ ወይም መምህር ግን ለልጁ ከመስጠቱ በፊት በሥዕሉ ላይ ያሉትን ቀጫጭን ቀስቶች በእስክሪብቶ አወፍሮ እኩል ያድርጋቸው።