ካርድና ሳጥን ከ18 ወር በኋላ፦ ወረቀቱ ችሏል፣ ያስቸገረው የፊደል ተራው ነው

እዚህ የሚገመገሙት ከወፍራም ወረቀት የተቆረጡ 1,200 ያህል የኤ6 ካርዶች፣ አንድ ክዳን ያለው የእንጨት ሳጥንና 23 የፊደል መለያዎች ናቸው። የንባብ ማስታወሻው፣ የምግብ አሠራሩ፣ የቤት ጥገናው፣ የሰዎችና የቦታዎች መረጃው ሁሉ የሚገባው እዚያው ሳጥን ውስጥ ነው። በ18 ወር የዕለት ተዕለት አገልግሎት ወረቀቱም ሳጥኑም በደንብ ችለዋል። ሁለት ጊዜ ፈርሶ እንደ አዲስ የተደረደረው የፊደል ተራው ነው። በአማርኛ ካርድ ለሚይዝ ሰው ትልቁ ሥራ እሱ ስለሆነ፣ ግምገማውም ረዘም አድርጎ የሚቆየው እዚያ ላይ ነው።

መጠን፣ ወረቀትና ቀለም

የቤተ መጻሕፍት ካታሎግ ካርድ የታወቀው ልክ 75 በ125 ሚሊ ሜትር ነው። ፖል ኦትሌና አንሪ ላ ፎንቴን በ1895 እ.ኤ.አ. ብራሰልስ ላይ የጀመሩት የዓለም መጻሕፍት ዝርዝርም በዚህ ልክ ተሠርቶ በሚሊዮን የሚቆጠር ካርድ ደርሷል። ለመጽሐፍ አርእስት፣ ለደራሲና ለመደርደሪያ ቁጥር ይበቃል። ሐሳብን በአማርኛ ለማስፈር ግን ይጠብባል። ኤ6፣ ማለትም 105 በ148 ሚሊ ሜትር፣ ለርእስ 15 ሚሊ ሜትር ተትቶለት በ7 ሚሊ ሜትር ልዩነት ሲሰመር 12 መስመር ይይዛል። በመካከለኛ የእጅ ጽሑፍ ከ60 እስከ 70 ቃል ይሆናል። ለአንድ ሐሳብ ከዚህ በላይ ካስፈለገ አብዛኛውን ጊዜ ሐሳቡ ሁለት ነው፤ ሁለት ካርድ ይገባዋል።

አንድ ኤ4 በመሃሉ በቁመትም በወርድም ሲቆረጥ አራት ኤ6 ይወጣዋል፣ ቁራጭ አይተርፍም። 250 ቅጠል ያለው እሽግ 1,000 ካርድ ይሆናል ማለት ነው። የሚያስቸግረው አቆራረጡ ነው። ፎቶ ኮፒ ቤት ያለው ባለ እጀታ መቁረጫ ብዙ ቅጠል አንድ ላይ ሲጫንበት የታችኞቹ ይሸሹና የካርዶቹ ቁመት በ1 ወይም በ2 ሚሊ ሜትር ይለያያል። ይህ ልዩነት ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን አጭሩ ካርድ ከረጅሙ ጀርባ ይደበቃል፣ ጣት ሲያገላብጥ ይዘለዋል፣ ካርዱ ሳጥኑ ውስጥ እያለ «ጠፋ» ይባላል። ወይ ከ5 ቅጠል ባልበለጠ እየከፈሉ መቁረጥ፣ ወይ ማተሚያ ቤት ወስዶ በትልቁ መቁረጫ በአንድ ጊዜ ማስቆረጥ ነው።

ሁለተኛው የወረቀት ጉዳይ የቃጫው አቅጣጫ ነው፤ ብዙ ሰው አያስበውም። ወረቀት ቃጫው በተኛበት አቅጣጫ በቀላሉ ይታጠፋል። የተለመደው ኤ4 ቃጫው በረጅሙ ጎን በኩል የተኛ ነው። ስለዚህ ከእሱ የተቆረጠ ካርድ አግድም ሲቆም ቃጫው ከግራ ወደ ቀኝ ይሆንና፣ ከጥቂት ወራት በኋላ የካርዱ አናት ወደ ፊት መደፋት ይጀምራል። ሙከራው ቀላል ነው፦ ያልተቆረጠውን ቅጠል ሳያጥፉ በሁለቱም አቅጣጫ ጎበጥ ማድረግ። እጅ ሳያስቸግር የጎበጠበት መስመር የቃጫው መስመር ነው። ቃጫው ከታች ወደ ላይ የቆመ ካርድ አይደፋም።

የእነዚህ ካርዶች ወረቀት በካሬ ሜትር 200 ግራም ነው። አንዱ ኤ6 3.1 ግራም ይመዝናል፣ 1,200ው 3.7 ኪሎ ገደማ፤ ተጽፎባቸው ሲደረደሩ ከ30 ሴንቲ ሜትር ያልፋሉ። ወፍራምነቱ ለምግብ አሠራር ካርዶች፣ ማድ ቤት ለሚገቡትና በእርጥብ እጅ ለሚነኩት፣ ጠቅሟል። ለቀሩት በዝቷል። ጀርመናዊው የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ ኒክላስ ሉማን 90,000 ያህል ማስታወሻ ያከማቸው በኤ6 ልክ በተራ ስስ ወረቀት ላይ ነበር፤ ወፍራም ካርድ ቦታ እንደሚፈጅ አስቀድሞ አስቦበታል። ከእሱ ሌላም የሚወሰድ ደንብ አለ፤ በአንድ ገጽ ብቻ መጻፍ። ጀርባው ላይ የተጻፈ ነገር ሲያገላብጡ አይታይም፤ ለማንበብ ካርዱን መዝዞ ማውጣት ግድ ይላል፣ የወጣ ካርድ ደግሞ ቦታው የመሳት ዕድል አለው።

ቀለሙን በተመለከተ ተራው ጥቁር እስክሪብቶ ከሁሉም በልጧል። ጄል እስክሪብቶ ለስላሳ ካርድ ላይ ቶሎ ስለማይደርቅ ሁለት ካርድ ሲደራረብ ይተላለፋል። ፍሎማስተር ወደ ጀርባ ያልፋል። ለስላሳ እርሳስ በመተሻሸት ይደበዝዛል፣ ኤችቢ ግን ዛሬም ይነበባል። የብረት ማያያዣ (ክሊፕ) በክረምት ዝጎ ካርዱን ያቆሽሻል፤ ላስቲክ ከጊዜ በኋላ ደርቆ ወረቀቱ ላይ ይጣበቃል። ሁለቱንም ሳጥኑ ውስጥ አለማስገባት ነው።

ሳጥኑ

የውስጥ ወርዱ 153 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከካርዱ 5 ሚሊ ሜትር ብቻ ይሰፋል። ከዚያ ከሰፋ ካርዶቹ ወደ ጎን ይንሸራተቱና መለያዎቹ ይዛነፋሉ። የጫማ ካርቶንም ይሠራል፣ ግን አብዛኛው ስለሚሰፋ ጎኑ ላይ የካርቶን ቁራጭ ሞልቶ ማጥበብ ያስፈልጋል። የጎን ግድግዳው 80 ሚሊ ሜትር ቢሆን 25 ሚሊ ሜትሩ ካርድ ከላይ ይታያል፣ ጣት ይገባል። ርዝመቱ 40 ሴንቲ ሜትር ነው፤ 5ቱ ሁልጊዜ ባዶ መቅረት አለበት። በደጋው ክረምት ወረቀት እርጥበት ጠጥቶ ያብጣል፣ ጢም ብሎ የተሞላ ሳጥን ሐምሌ ላይ አይገላበጥም። ከካርዶቹ ኋላ ወደ ኋላ ያዘነበለ የእንጨት ደጋፊ ያስፈልጋል፤ ቀጥ ብሎ የቆመ ካርድ ጎረቤቱን ስለሚጫን ርእሱን ለማየት ሁለት እጅ ይጠይቃል። ሳጥኑን ከግድግዳ ትንሽ ማራቅና አልፎ አልፎ መግለጥ ሻጋታን ይከላከላል።

የፊደል ተራው

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። የውጭ መመሪያዎች «በፊደል ተራ ደርድር» ብለው ያልፋሉ። በአማርኛ ይህ ትእዛዝ ብቻውን አይበቃም። «ሐሳብ» ተብሎ የተጻፈ ካርድ ሐ ውስጥ፣ «ሃሳብ» የተባለው ሀ ውስጥ ይገባል፤ ጸሐፊው ግን አንድ ሰው ነው፣ ማክሰኞና ዓርብ ስለ አንድ ነገር የጻፈ። «ፀሐይ» እና «ጸሀይ»፣ «ሥራ» እና «ስራ»፣ «ዓለም» እና «አለም» እንዲሁ። ከ300 ካርድ በታች ይህ አይሰማም፣ ዓይን ራሱ ያገኘዋል። ከዚያ በላይ ግን አንድ ርእስ ሁለት ሦስት ቦታ ተከፍሎ ይቀመጥና፣ አንዱን ያገኘ ሰው ሌላውን መፈለጉን ይተዋል።

ሁለተኛው ድርደራ ላይ የጸናው ደንብ እንዲህ ነው። ርእሱ ላይ ትክክለኛው ሆሄ ይጻፋል፤ ሥርዓተ ጽሕፈት አይጎዳም። ካርዱ ሲደረደር ግን ሐና ኀ እንደ ሀ፣ ሠ እንደ ሰ፣ ዐ እንደ አ፣ ፀ እንደ ጸ ይቆጠራሉ። ቀጥሎ የሚረሳው ግዕዙና ራብዑ ናቸው፦ ሀ እና ሃ፣ አ እና ኣ በአማርኛ ድምፃቸው አንድ ነው፤ ስለዚህ ሃ፣ ሓ፣ ኃ እንደ ሀ፣ ኣና ዓ እንደ አ ይደረደራሉ። ይህ ካልተወሰነ «ሃይማኖት» እና «ሀገር» ሁና ሂ መሃል ገብተውባቸው ይራራቃሉ። እንደ ሏ፣ ቋ፣ ኳ፣ ጓ ያሉት ከየቤታቸው ሳብዕ ቀጥሎ ይገባሉ።

ከ33ቱ ዋና ፊደላት አምስቱ በዚህ መንገድ ሲጠቃለሉ 28 ይቀራሉ። ኘ ከነ፣ ኸ ከከ፣ ዠ ከዘ፣ ጰ ከጨ፣ ፐ ከፈ ጀርባ ቢገቡ ለየብቻቸው መለያ አያሻቸውም፤ በአማርኛ በእነሱ የሚጀምር ርእስ ጥቂት ነው። 23 መለያ የተባለው ከዚህ የመጣ ነው። በሌላ በኩል መ፣ አ፣ በ፣ ተና ከ ቶሎ ይሞላሉ። ከአንድ መለያ ጀርባ ከ40 በላይ ካርድ ሲጠራቀም በፊደሉ ዘር መከፋፈል ይሻላል፣ ለምሳሌ «መ–ሚ» እና «ማ–ሞ» ተብሎ። የአበገደ ተራ የለመደ ሰው በእሱ ቢሄድም ያው ነው፤ አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ የግዕዝ መዝገበ ቃላታቸውን የደረደሩት በአበገደ ነው። ከሀለሐመና ከአበገደ አንዱን መርጦ አለመቀላቀል ነው ዋናው።

የመጀመሪያው ድርደራ የፈረሰው ግን በሆሄ ምክንያት አልነበረም፤ በርእስ አወጣጥ ነው። የአማርኛ ንዑስ አንቀጽ በመ ይጀምራል፦ መቁረጥ፣ መጠገን፣ መቀቀል፣ መጻፍ። በግስ የተሰየመ ካርድ ሁሉ መ ውስጥ ይከመራል። «አቆራረጥ»፣ «አጠጋገን»፣ «አቀቃቀል» ቢባልም ክምሩ ወደ አ ይዛወራል እንጂ አይቀልም። «ስለ»፣ «የ»፣ «በ» ያሉ መነሻዎች ተጨምረው ሲጻፉም እንደዚሁ። መፍትሔው ዕቃውን ወይም ነገሩን በነጠላ ስም አስቀድሞ ሥራውን ማስከተል ነው፦ «ወረቀት፦ አቆራረጥ»፣ «ቧንቧ፦ ጥገና»፣ «ምስር፦ አቀቃቀል»። ብዙ ቁጥር አይጻፍም፤ «መጽሐፍ» እንጂ «መጻሕፍት» አይሆንም። ይህ አንድ ደንብ ከመጀመሪያው ቀን ተይዞ ቢሆን ግማሹ ድካም በቀረ ነበር።

የኢትዮጵያውያን ስም በራስ ስም፣ ቀጥሎ በአባት ስም ይደረደራል፤ ከበደ ሚካኤል ከ ውስጥ ይገኛሉ። አለቃ፣ ደጃዝማች፣ ዶክተር በካርዱ ላይ ይጻፋሉ፣ በተራው ግን አይቆጠሩም። እንደ ኃይለ ማርያምና ገብረ ሥላሴ ያሉ ስሞች ተለያይተውም ተያይዘውም ስለሚጻፉ እንደ አንድ ቃል መያዝ አለባቸው። የምዕራባውያን ስም ከቤተሰብ ስም ይነሳል፦ «ሉማን፣ ኒክላስ»። ዓመት ሲጻፍ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» የሚለው ምልክት ፈጽሞ አይቀርም። ልዩነቱ ከመስከረም 1 እስከ ፈረንጆቹ ዓመት ማብቂያ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ስለሆነ፣ ያለ ምልክት የቀረ ዓመት ቆይቶ ሊመለስ አይችልም።

ሉማን በፊደል አልደረደረም። ካርዱን 1፣ ከእሱ የወጣውን 1ሀ፣ ከዚያ የወጣውን 1ሀ1 እያለ በቅርንጫፍ መቁጠር ነው ዘዴው። ለ4 ወር ከፊደሉ ጎን ሲሞከር፣ ለአንድ ረጅም ጽሑፍ በሚደረግ ንባብ ላይ በጣም ጥሩ ነው፤ ሐሳብ ከሐሳብ ጎን ይቀመጣል። ለምስርና ለቧንቧ ግን አይሆንም፣ ቁጥሩን የሚያስታውስ ማውጫ ለብቻው መጠበቅ ይጠይቃልና። ሁለቱን ለሚፈልግ ሁለት ሳጥን መያዝ ይሻላል። ጠርዛቸው እየተበሳና እየተቀደደ በሹራብ መርፌ የሚለቀሙትን ካርዶች (መርፌው በቀዳዳው ገብቶ ሲነሳ ጠርዛቸው የተቀደደው ብቻ የሚወርዱትን) በእጅ መሥራት አይመከርም፤ ቀዳዳው በ2 ሚሊ ሜትር ከሳተ ካርዱ ከመርፌው አይወርድም።

የቀጠሮው ክፍል

የድሮ ቢሮዎች የቀጠሮ መያዣ 43 መለያ ነበረው፦ 12 ለወራት፣ 31 ለቀናት። በእኛ አቆጣጠር 13 ወርና 30 ቀን ስለሆነ ድምሩ ያው 43 ይመጣል። የጳጉሜን 5 ወይም 6 ቀን በመጀመሪያዎቹ የቀን መለያዎች ይስተናገዳል። በየጠዋቱ የቀኑ መለያ ጀርባ ያለው ካርድ ይወጣል፤ ባዶው መለያ ወደ ኋላ ሄዶ የሚቀጥለውን ወር ይጠብቃል። ዋሽንግተንም ሆነ ቴል አቪቭ ያለ ሰው፣ ክፍያውና ቀጠሮው የሚመጣው በፈረንጅ ቀን ከሆነ፣ 12ና 31ን ይያዝ። በሁለት አቆጣጠር አንድ ክፍል መምራት ቀን ያሳልፋል።

ከሳጥኑ የሚወጣ ካርድ ቦታው ላይ ቀይ የወረቀት ቁራጭ ይቆምለታል፣ ርእሱና የወጣበት ቀን ተጽፎበት። ሐኪም ቤት ካርድ ክፍል ደጃፍ ላይ የጠበቀ ሁሉ ያለ ቦታው የገባ ካርድ ምን እንደሚያስከትል ያውቃል። አዳዲስ ካርዶች በሳጥኑ ፊት ይጠራቀማሉ፤ 20 ሲሞሉ 10 ደቂቃ ወስዶ መደርደር ይበቃል። ከ60 በላይ የቆየ ክምር ግን ርእሱ ከመጀመሪያው ጋር መመሳሰሉን እያረጋገጡ ስለሚደረደር ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል። እሳትና ውኃን በተመለከተ ሳጥኑ መከላከያ የለውም። በወር አንድ ጊዜ አዲሶቹን ካርዶች ስድስት ስድስት አድርጎ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ በስልክ ማንሳት ብቸኛው ቅጂ ነው። ፊደሉ እንዲነበብ ብርሃኑ ከጎን ይምጣ፣ ከላይ ከሆነ የእስክሪብቶው ቀለም ያብለጨልጫል።

ለሚቀጥሉት 1,000 ካርዶች ትእዛዙ ይለወጣል። በ200 ግራም ኤ4 ፈንታ ማተሚያ ቤቶች የሚጠቀሙበት 70 በ100 ሴንቲ ሜትር ቅጠል በ160 ግራም ይገዛል። ከአንዱ ቅጠል 36 ኤ6 ይወጣል፤ ካርዱ በየትኛውም አቅጣጫ ቢቆረጥ ቁጥሩ 36 ስለሆነ ቃጫው በ105ቱ ሚሊ ሜትር ጎን እንዲቆም ማዘዝ ምንም አያስከፍልም። 28 ቅጠል 1,008 ካርድ ይሰጣል። ለቆራጩ የሚነገረው ሁለት ነገር ነው፦ ቃጫው በአጭሩ ጎን ይቁም፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይቆረጥ።